«እሷ» ብለህ ያስቀመጥካት ሴት

ሲሳይ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። «ውድ» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። በሕይወት ሳለህ ብዬህ የማላውቀውን ቃል ዛሬ ብጽፈው አንተም ትጠረጥረኝ ነበር። መጠርጠር ደግሞ የእኔ ሥራ እንጂ ያንተ አልነበረም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ሰፈራችን ሳቢያን እንደተውከው ነው። በራችን ላይ ያለችው የኒም ዛፍ የመብራቱን ሽቦ እየነካች ስላስቸገረች ከወገቧ ቆርጠዋታል፤ ከሰዓት በኋላ የነበረን ጥላ አሁን የለም። «አንድ ቀን እሠራዋለሁ» ያልከው ቬንትሌተር ሲዞር አሁንም ይጮኻል። ለሌላ ሠራተኛ አላሳየሁትም። ቤዛ ሦስተኛ ዓመት ገብታለች። እሁድ ጠዋት ከዩኒቨርሲቲ ትደውልና ስለ ፈተናዋ፣ ስለ ምግቡ ታወራኛለች፤ «አባዬ» የሚለው ቃል ሊመጣ ሲል ትስላለች። እኔ ያው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ ያው የጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ሸሚዝ ይመጣል፣ አገላብጣለሁ፣ የተጣመመ ስፌት ካየሁ ቀይ ቀስት ያለበት ስቲከር ለጥፌ እመልሳለሁ። አንተ «ኢንስፔክተር» እያልክ የምትቀልድበት ሥራ ነው የሚያኖረኝ።

አንድ ነገር ግን ሳይሠራ ቆይቷል። የመቃብርህ ድንጋይ። ጠራቢው ለሙት ዓመትህ እንዲያደርስ ስምህን ከጻፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ከሥሩ ድንጋዩን የማሠራው የእኔ ስም ይቀራል። «ባለቤቱ ወይዘሮ እመቤት ብዬ ልቅረጸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ቆይ» አልኩት። ደግሞ ደወለ፤ ደግሜ «ቆይ» አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል አላነሳሁም። «ባለቤቱ» የሚለውን ቃል ድንጋይ ላይ ከማስቀረጼ በፊት ማወቅ የምፈልገው ነገር ነበር። ሌላ ሴት ነበረችህ ወይ?

ይኸው ተናገርኩት። ለቤዛ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባታችንም አልነገርኩም። ለአንተ ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በሐዘንህ በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ገባች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። ከሴቶቹ ጋር አልተቀመጠችም፤ ከመግቢያው አጠገብ ቆማ ፎቶህን እያየች አለቀሰች። ለወግ አልነበረም፤ የምሯን ነበር። ማን እንደሆነች ስጠይቅ አንዷ ጎረቤት «ከቢዮ አዋሌ ነው የመጣችው አሉ» አለችኝ። ቢዮ አዋሌ ዘመድ የለህም። ቀና ብዬ ስፈልጋት ሄዳለች። ባሏ የሞተባት ሴት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ የሌላ ሴት ሻሽ ቀለም ትይዛለች ቢሉ ማንም አያምንም። እኔ ይዣለሁ።

ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ልብህ የጥገና ሱቅህ ውስጥ መበየጃውን እንደያዝክ ከመቆሙ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት አምሽተህ ነበር የምትገባው። አሥራ ሁለት ሰዓት ትገባ የነበርከው አንድ ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። «ሥራ በዛ» ትለኝ ነበር። ራት ላይ ትስቃለህ፤ ምን አሳቀህ ስልህ «ምንም» ትላለህ። ሸሚዝህን አነፍንፌያለሁ። ሽቶ የለውም። የጠረጠረች ሴት ግን ሽቶ አለመኖሩንም እንደ ብልጠት ትቆጥረዋለች።

ከአርባህ በኋላ አብዲ የሱቁን ኮምፒውተር በባጃጅ አምጥቶ ሳሎን አስቀመጠልኝ። ከዚራ ያለውን የስልክና የሬዲዮ ጥገና ሱቅ አሥራ ስድስት ዓመት አብሮህ የያዘው አብዲ። «ለደንበኛ የሚሆን ነገር የለበትም፤ የእሱ ጨዋታ ነው ያለበት፤ ቤት ይሁን» አለኝ። ዓይኔን አላየኝም። ወይም እንዲያ መሰለኝ። ያን ሰሞን ዓይኔን የሚያየኝ ሁሉ ያዘነልኝ፣ የማያየኝ ሁሉ የሚደብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ቤዛ አንድ ቀን ይህን ታነበው ይሆናልና ጨዋታህ ምን እንደነበር ልጻፍላት። ልጅ ሳለህ አጎትህ በባቡር ከጅቡቲ ያመጣልህ የእጅ ጌም ነበረህ፤ መዳፍ የሚያክል፣ ከጀርባው ካሴት የሚሰካበት። እሱ ከተበላሸ ቆይቷል። ትልቅ ሰው ሆነህ ግን ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አገኘህ፤ ኮምፒውተሩን ያ የድሮ ጌም ነህ ብሎ የሚያታልል ፕሮግራም ነው። የድሮ ካሴቶችን ሁሉ በእሱ ትከፍት ነበር። ደስ የሚልህ ግን መጫወቱ አልነበረም። የፕሮግራሙን የማህደረ ትውስታ መስኮት፣ የጌሙ ቁጥሮች የሚታዩበትን፣ ትከፍትና ከአንዱ ካሴት ሰው አንስተህ ሌላው ካሴት ውስጥ ትከታለህ። ተዋጊውን አውጥተህ በእሱ ቦታ እንቁራሪት። የመኪና ነጂውን አውጥተህ በእሱ ቦታ ዶሮ። አንድ ቅዳሜ ሱቅ ስመጣ «አንቺ፣ ነይ እይ፣ ዶሮዋ መንጃ ፈቃድ አወጣች» አልከኝ። እኔ ከበሩ ሳልነቃነቅ «አርባ ስምንት ዓመትህ ነው» አልኩህ። ሳቅክ። ከዚያ ወዲህ ነይ እይ ብለኸኝ አታውቅም። ይህንንም እንደ መደበቅ ቆጠርኩብህ።

አንድ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሰፈሩ በሙሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ያስቀመጥካቸው ፋይሎች ተደርድረዋል። «እንቁራሪት»። «ዶሮ»። «ዶሮ ሁለት»። «ሽማግሌው ኳስ ሜዳ»። ከሁሉም በታች፣ «እሷ»።

ሁሉም ስም አላቸው። ዶሮ እንኳ ዶሮ ተብላለች። ስሟ የማይጻፍ ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት?

ከፈትኩት። መንደር ነው። ከላይ አንድ ቤት፣ ከቤቱ ደጃፍ ወደ ታች የሚወርድ መንገድ። ሰይፍ የያዘ ጎረምሳ መቆም በነበረበት ቦታ አንዲት ሴት ቆማለች። ረጅም ቀሚስ ለብሳለች። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች።

ኮምፒውተሩን አላጠፋሁትም። ከግድግዳው ነቀልኩት።

በማግሥቱ ፋብሪካ ውስጥ ያለፈልኝ ሸሚዝ አልነበረም ማለት ይቻላል። አለቃዬ የመለስኩትን ክምር አይቶ «እመቤት፣ ዛሬ ልብስ ሰፊዎቹ ናቸው የታመሙት ወይስ አንቺ?» አለኝ። ልብስ ሰፊዎቹ ናቸው አልኩት።

በሚቀጥለው እሁድ መልሼ ሰካሁት። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ደብተር ነበር፤ ሽፋኑ በመበየጃ ተቃጥሏል። ደረጃ በደረጃ ጽፈኸዋል። «ሰውየው ያለበትን ካሴት ክፈት። እስኪታይ ሂድ። ጌሙን አቁም። የማህደረ ትውስታውን መስኮት ክፈት። ሥዕሉን ፈልግ። ቁጥሮቹን ቅዳ። ሁለተኛውን ካሴት ክፈት። ቦታውን ፈልግ። በላዩ ጻፍ።» ከሥሩ በቀይ ሁለት ነገር። አንዱ፣ «ካላስቀመጥከው፣ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።» ሌላው፣ «ሥዕሉ ይሻገራል፤ ቀለሙ አይሻገርም።» ሁለተኛውን አንብቤ አለፍኩት። አልገባኝም ነበር።

ናፍቄህ እንዳይመስልህ የተማርኩት። ማስረጃ ፍለጋ ነበር። ከየት እንዳመጣሃት ካወቅሁ ማን እንደሆነች አውቃለሁ ብዬ ነው። ሦስት እሁድ ፈጀብኝ። ሥዕል ለካ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ሰው ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ነጥቦቹ በመስመር በመስመር ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ሁለት ቁጥር አለ። ቁጥሩ ዜሮ ዜሮ ከሆነ መስመሩ ባዶ ነው። ይህ ለእኔ ከባድ አልነበረም። ጨርቅም ክር በክር ነው።

በሦስተኛው እሁድ አገኘኋት። ገበያ ባለበት አሮጌ ካሴት ውስጥ ከአንድ በር አጠገብ ቆማለች። እዚያ ሻሿ ነጭ ነው። ቁጥሮቿን እንደ ደብተርህ አንድ በአንድ ቀድቼ ወደ ሰይፈኛው ካሴት አሻገርኳት። እዚያ ስትደርስ ሻሿ አረንጓዴ ሆነ። ምንም አልነካሁም። የሰይፈኛው ቆብ አረንጓዴ ስለነበረ በእሱ ቦታ የቆመ ሁሉ የእሱን ቀለም ይለብሳል። ያን ጊዜ ነው በቀይ የጻፍከው የገባኝ።

ስለዚህ አረንጓዴው ያንተ ምርጫ አልነበረም። እሷን ከድንኳኗ ሴት ጋር ያሰርኩባት ክር ተበጠሰች። ተመስገን ያልኩ እንዳይመስልህ። አንድ ክር ሲበጠስብኝ ሌላ እፈልጋለሁ። ሌላም ተገኘ። በገበያው ካሴት ውስጥ ሴትየዋ አትራመድም፤ ከበሩ አጠገብ ቆማ ብቻ ነው ያለችው። ባንተ «እሷ» ውስጥ ግን ቁልፉን ስጫን ትራመዳለች። እርምጃዋን የሳልከው አንተ ነህ ማለት ነው፣ ነጥብ በነጥብ። ለአንዲት ሴት እግር ሠርተህላታል። ይህ ከሻሹ ባሰብኝ።

እርምጃዋን መረመርኩ። ከቤቱ ደጃፍ ተነስታ ወደ ታች፣ ወደ እኔ ስትመጣ፣ በቀኝ በኩል ያለው እግሯ መሬት ሳይደርስ ይቀራል። አንዲት መስመር ታጥራለች። አንዱ ይነካል፣ አንዱ ይቀራል። አንዱ ይነካል፣ አንዱ ይቀራል። እያፈርኩ ልንገርህ፤ ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። ለሴትህ እግር ስትሠራ ተሳስተሃል። በፋብሪካችን ቋንቋ ሪጀክት፣ ተመላሽ ናት።

መስኮቱን ከፍቼ መስመሯን ፈለግሁ። የአንዱ እግር የመጨረሻ መስመር ቁጥር አለው። የሌላው ዜሮ ዜሮ ነው። ካለበት ቀድቼ በሌለበት ሞላሁ። ላስቀምጥ ስል «በነበረው ላይ ይጻፍ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩ። ሴትየዋ ቀጥ ብላ ተራመደች። ያረምኩትን ሳልመዘግብ አልነሳምና በደብተርህ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩ፤ «እሷ። ቀኝ እግር፣ የመጨረሻው መስመር፣ ዜሮ ዜሮ ነበር። ታርሟል።» ፈረምኩበት።

ለምን አረምኩላት? ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም። ደግሞም አንድ ቀን ካገኘኋት «እግርሽን እንኳ ያስተካከልኩልሽ እኔ ነኝ» ልላት አስቤ ነበር።

ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ከዚራ ሄድኩ። ያቺን የሱቁን መግቢያ ታውቃታለህ፤ ደረጃ እንደማልወድም ታውቃለህ። አንድ በአንድ ወጣሁ። አብዲ የተፈታታ ስልክ ፊቱ ዘርግቶ፣ ጉንጩን በጫት ነፍቶ ተቀምጧል። ሰላምታ አላስረዘምኩም።

«እሷ ማን ናት?» አልኩት።

«የቷ እሷ?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀመጣት። ሻሽ ያሰረችው። ስሟን ለመጻፍ ያልደፈረው። አትቀልድብኝ አብዲ።»

አብዲ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ጫቱ እንዳይወጣ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ።

«ወላሂ አንቺ ሴትዮ! አቦ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ስንት ‹እሷ› አለች? አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬያለሁ። ‹እሷ ደውላለች›። ‹ልሂድ፣ እሷ ትቆጣለች›። ‹ይሄን ለእሷ እንዳትነግራት›። ‹እሷ ብታየው ቀይ ስቲከር ትለጥፍበት ነበር›። ስምሽን ጠርቶት አያውቅም እኮ! እኔ እመቤት መባልሽን ያወቅሁት ቤታችሁ መጥቼ ጎረቤት ሲጠራሽ ነው።»

ቤት ውስጥ «አንቺ» ነኝ። «እሷ» የምሆነው እኔ በሌለሁበት ብቻ ስለሆነ በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም። እናቴም አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ለሰው ስታወራ «እሱ» ነበር የምትለው። በዚህ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን አልመጣልኝም።

ያም ሆኖ ቶሎ እንደማልረታ ታውቃለህ። «እኔ ከሆንኩ ለምን እግሯን አበላሸው?» አልኩት። «አርሜዋለሁ እኮ።»

አብዲ ሳቁን አቆመ። «ምን አልሽ?»

«እግሯን። አንድ መስመር ጎድሎት ነበር። ሞላሁት።»

«ያ አላህ!» አለና መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «እመቤት፣ ያንን እግር ሁለት ወር ነው የሠራው። ጌሙ አንዱን እርምጃ ገልብጦ ለሌላው እግር ይጠቀምበታል፤ ሁለቱ እግሮች ሊለያዩ አይችሉም። እሱ ፕሮግራሙን በርብሮ ለያያቸው። ሁልጊዜ ማታ፣ ሱቅ ከዘጋን በኋላ። እኔ ነኝ የጠየቅሁት፤ ‹ዋሪያ፣ አንድ እግሯ አጠረብህ እኮ› ስለው ‹አላጠረም፣ እሷ እንዲህ ነው የምትራመደው› አለኝ። አንድ ቀን ደግሞ ከወዲያ ስትመጪ በዚህ መስኮት አሳየኝ። ‹እያት› አለኝ። ‹ያንን ነው የምፈልገው›።»

«ያጠረው ቀኝ እግሯ ነው» አልኩት። የቀረችኝ መከራከሪያ ያቺ ብቻ ነበረች። «የእኔ ግራ ነው።»

«ፊቷን ወዳንቺ አዙራ እኮ ነው የምትመጣው፣ አቦ። ግራዋ ባንቺ ቀኝ ነው።»

ሲሳይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ገልብጬ የማይ ሰው ነኝ። ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ግራ የሚባለው የለባሹ ግራ ነው፣ የተመልካቹ አይደለም። ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህን ነው። የሳቱትን ተቆጥቻለሁ። አንዷን አስለቅሻለሁ።

ስለ ግራ እግሬ አንተና እኔ አውርተን አናውቅም። ከተጋባን በዓመቱ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ የተሳፈርኩበት ጋሪ ሲገለበጥብኝ የተሰበረው አጥንት አጥሮ ነው የገጠመው። ጫማ ሠሪ በግራ ጫማዬ ውስጥ የምትገባ ወፍራም ሶል ሠራልኝ፤ ከዚያ በኋላ አያስታውቅም ብዬ ወሰንኩ። አንተም አንድ ቃል አልተናገርክም። ስለዚህ ወይ አላየህም፣ ወይ እኔን ማየት ትተሃል ብዬ ነበር። የትኛው እንደሚብስ ሳመዛዝን ነው የኖርኩት።

«ሊያሳይሽ ነበር» አለ አብዲ። «‹ነይ እይ ብላት አትመጣም፤ ሲያልቅ ቤት እወስደዋለሁ› ይል ነበር። አልቆ ነበር እኮ። ሐሙስ ጨረሰው።»

አርብ ነው የሞትከው።

ልወጣ ስል ተመለስኩ። «የድንኳኗስ? የቢዮ አዋሌዋ?»

«አሁንም አልጨረስሽም?» አለኝ። «ልጇ ሞቶባት፣ የተቀረጸ ድምፁ ስክሪኑ በተሰበረ ስልክ ውስጥ ቀርቶባት ነበር። እሱ ነው ያወጣላት።»

የጥገናውን መዝገብ አምጣ አልኩት። አመጣ። በአንተ ጽሕፈት፦ «ቢዮ አዋሌ። ስክሪን የተሰበረ። ይተው፤ ድምፁ ብቻ ይውጣ።» ሁለቴ አነበብኩት። «አብሽሪ» አለ አብዲ፤ «አንቺ ፖሊስ ብትሆኚ ድሬዳዋ ሌባ ባልኖራት።»

ባጃጅ አልያዝኩም። ከዚራን በእግሬ ተሻገርኩ፤ ግራዬ ባዶ ነበር። አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ በግራዬ ትሆን ነበር፣ ጥላው በሌላው በኩል ሲሆን እንኳ። ፀሐይ የምትወድ ሰው ነህ እልህ ነበር። ሌላም ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት የዚያች የሶሌ ጫፍ ተገንጥሎ ነበር፤ አንድ ጠዋት ተለጥፋ አገኘኋት። የስልክ ስክሪን የሚለጠፍበት ሙጫ ይሸት ነበር። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ልንገርህ? ዕቃዬን የሚነካካ ሰው አለ ብዬ ቁም ሣጥኑን ቆለፍኩ።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። «እሷ»ን ከፈትኩ። ቀጥ ብላ ቆማለች። መስኮቱን ከፍቼ የሞላሁትን መስመር ፈለግሁ። ሌላ መስመር እንዳልነካ ፈራሁ። መዝገቤን ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ። ያን ቀን ሳልመዘግብ ተነስቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያንተን ሥራ አላገኘውም ነበር። ዜሮ ጻፍኩ። ዜሮ ጻፍኩ። «በነበረው ላይ ይጻፍ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ቁልፉን ተጫንኩ። ከቤቱ ደጃፍ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። አንዱ ይነካል፣ አንዱ ይቀራል። ታች እስክትደርስ አየኋት፤ መልሼ ወደ ላይ አወጣኋት፤ እንደገና አስመጣኋት። ከዚያ የሳሎኑን መስኮት ልከፍት ተነሳሁ። ሶሏ ያለችበትን ጫማ አውልቄ ነበር። ሲሚንቶው ላይ የራሴን እርምጃ ሰማሁት። ያው ነው። ምንም አልጨመርክ፣ ምንም አልቀነስክ።

ሌላ ቁልፍ ስነካ ደግሞ ሰይፍ መዘዘች። ሰውየውን ስታወጣ ሰይፉን ትተህላታል። ሰይፉ ለብቻው የተቀመጠ ስለሆነ ረስተኸው ነው ይላል አብዲ። እኔ ግን ሆን ብለህ ነው ብዬ እጠረጥርሃለሁ። ይህንን ጥርጣሬ አልተውልህም።

ለድንጋይ ጠራቢው ደወልኩለት። «ባለቤቱ» ብለህ ቅረጽ አልኩት። «አሁን ቁርጥ ነው?» አለኝ። ቁርጥ ነው አልኩት።

ትናንት ፋብሪካ ውስጥ ሙቀቱ ሲብስ «እሱ ቢኖር ይህን ቬንትሌተር ይሠራው ነበር» ብዬ ተናገርኩ። ሳላስበው ነው። ማንም «ማን?» ብሎ አልጠየቀኝም። ለካ እኔም ስጠራህ የኖርኩት እንደዚያ ነው።

ካላስቀመጥከው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል ብለህ ጽፈሃል። አስቀምጬዋለሁ። በኮምፒውተሩ አስቀምጬዋለሁ፣ ቤዛም ስትመጣ እንድትይዘው ለብቻው ቀድቼዋለሁ፤ ሁለቱም ቢጠፉ ደግሞ ቁጥሩን በቃሌ ይዣለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ ከዚያ ደጃፍ ወደ ታች ስትራመድ ትኖራለች፤ ሲያያት የነበረውንም ሰው አልረሳውም። የቆየውን መዝገቤን ግን አላጠፋሁትም። የተሳሳተ መዝገብ አይቀደድም፣ ይሰረዝና ከሥሩ ይጻፋል። በደብተርህ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከተሰረዘው በታች በእጄ ያለው ይህ ነው፦

«እሷ። ግራ እግር፣ በለባሿ በኩል። የመጨረሻው መስመር ዜሮ፣ ዜሮ። አይታረም።»

እመቤት